ዳለቻ የጠጣችው ዘይት

ባለፈው ቅዳሜ ለቀብር ወደ ሱሉልታ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የእንጦጦን ዳገት ሲያጋምስ አንድ የማውቀው ሽታ መጣብኝ። የጋለ የሞተር ዘይት ጎማ ላይ ሲያርፍ የሚሸተው ነው፤ ላልለመደው ራስ ያዞራል። ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት። ሹፌሩን፣ «ልጄ፣ ዘይት የሚያወጣ ማኒኮቶ አለህ፣ ስትቆም እየው» አልኩት። በመስታወቱ አየኝና፣ «አባባ፣ መብራት አልበራም እኮ» አለኝ። ፊቱ ያለው ቀይ መብራት ካልበራ በሽታ የለም ማለቱ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እጣላው ነበር። በሽታን መብራት እስኪበራ የሚጠብቅ ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ቀን ግን የምቀብረው ሰው ነበረኝና ዝም አልኩ። የምቀብራቸው ኦቦ ቱሉ ናቸው። ያ ሽታ ደግሞ ኦቦ ቱሉን ስማቸውን ሊያሳጣቸው የነበረ ሽታ ነው።

ማኒኮቶ ማለት አየር ወይም ውሃ የሚተላለፍበት ወፍራም የጎማ ቧንቧ ነው፤ ስሙን ጣሊያኖች ትተውልን ሄዱ። እኔ በዚያ ዘመን፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ሰበታ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ነበረችኝ። ሰበታም አሁን እንደምታዩዋት አልነበረችም። አንድ አስፋልት፣ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ ጠዋት ጠዋት የፋብሪካ ፉጨት፣ ከዚያ ወዲያ ጸጥታ። ጋራዤ የቆርቆሮ ጣራ ያላት፣ መሬቷ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ቤት ነበረች። ከመንገዱ ማዶ የሐጂ ኑሪ ሱቅ ነበረ። ሐጂ በአንዱ ግድግዳ ስኳርና ሳሙና፣ በሌላው ግድግዳ የመኪና ቀበቶና ማኒኮቶ ሰቅለው ይሸጡ ነበር፤ ማኒኮቶው ሁሌም ትንሽ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። በስሙኒ ሻይና ዳቦ ተበልቶ ይጠገባል። ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ሰው ፉል አዝዞ ጎረቤቱን ይጋብዛል። ሹፌር ደግሞ ያኔ ትልቅ ሰው ነው። ካኪ ኮቱን ተኩሶ፣ ባርኔጣውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ በደረት ኪሱ ማበጠሪያ ሰክቶ ሲወርድ ሴቶች ከበር ብቅ ይሉ ነበር። እሑድ እሑድ የጠጅ ቤቱ ሬዲዮ ክራር ሲያሰማ ሹፌሮች ሞተራቸውን አጥፍተው መሪው ላይ ተደግፈው ያዳምጣሉ። ዛሬ ያ ጠጅ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ሥሩ ባንክ ነው፤ ማንም መሪ ላይ ተደግፎ ምንም አያዳምጥም።

ኦቦ ቱሉ ግን ኮት የሚተኩሱ ዓይነት ሹፌር አልነበሩም። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ናቸው። የሚነዱት ዳለቻ የምንላትን የጭነት መኪና ነበር። ቀለሟ አመድማ ስለነበር ነው ዳለቻ ያልናት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ዳለቻ ነች። ባለቤቷ ቡራዩ የሚኖሩት ነጋዴ አቶ ተክሌ ነበሩ፤ ከሰሜን መጥተው በእህል ንግድ የቆሙ፣ ጾም የማይሽሩ፣ ማኅበር የማይቀሩ ሰው። ዳለቻ ከጫንጮ ጤፍ ጭና፣ ሱሉልታን አልፋ፣ እንጦጦን ተሻግራ አዲስ አበባ ትገባለች። ቱርቦ ያላት መኪና ነበረች። ቱርቦ ያኔ አዲስ ነገር ነው፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ትንፋሽ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፣ መዘውሯ ደግሞ ንጹሕ አየር በማኒኮቶ በኩል ወደ ሞተሩ በኃይል ትነፋለች። ሌሎቹ መኪኖች ዳገቱ ላይ ሲያቃስቱ ዳለቻ እያፏጨች ታልፋቸው ነበር። አቶ ተክሌና ኦቦ ቱሉ ብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ጭነት ሲወርድ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ አቶ ተክሌ ያጎርሷቸዋል። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው በኋላ የሆነው ነገር የከበደኝ።

ነገሩ የጀመረው በቡራዩ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ነው። አቶ ተክሌ ዳለቻን ለቆርቆሮና ለድንጋይ ማመላለሻ ያለ ኪራይ ሰጡ። ያ ሥራ ካለቀ በኋላ ዳለቻ አንድ የቆየ ጠባይዋን ተወች፤ እንደ ማንኛውም ናፍጣ መኪና በቆመችበት ዘይት ጠብ ታደርግ ነበር፣ አሁን ግን ሥሯ ደረቅ ሆነ። ሁላችንም ደስ አለን። ኦቦ ቱሉ እኔ የጠገንኳት መስሏቸው አመሰገኑኝ፤ እኔም አልጠገንኩም አላልኩም፣ ማን ምስጋና ይመልሳል? ደስታው ብዙ አልቆየም። ዳለቻ ዘይት ይጎድላት ጀመር፤ ያውም ክፉኛ። ኦቦ ቱሉ ጫንጮ ሲደርሱ ይጨምራሉ፣ እንጦጦን ሲወርዱ እንደገና ይጨምራሉ። «ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች» ብለው ለጌታቸው ነገሩ። አቶ ተክሌ ጭሱን አላዩትም፤ እሳቸው የሚያዩዋት ቡራዩ ሜዳ ላይ ቆማ ነው። ሥሯን ጎንበስ ብለው አዩ፤ አንዲት ጠብታ የለም። መሬት ላይ ካልፈሰሰ የት ገባ? የሰው ልብ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣበት መልሱን ሩቅ ሄዶ አይፈልግም። ቱሉ ዘይቱን እየቀዳ ይሸጣል ተባለ።

በዚያን ጊዜ በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲነሳ ማብቂያው መሐላ ነበር። የተጠረጠረው ሰው ሽማግሌ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ መጽሐፍ ይዞ ይምላል፤ ከማለ ነገሩ ተቆረጠ፣ ከሳሹም ዳግም አያነሳውም። አቶ ተክሌ ይህንኑ ጠየቁ፤ በእሳቸው ቤት ደግነት ነው፣ ፖሊስ አልጠሩም። ኦቦ ቱሉ ግን አልምልም አሉ። አባታቸው በሕይወቱ ሙሉ ምሎ አያውቅም፣ እሳቸውም አይምሉም። ከዚህ ወዲያ የቡራዩ ሰው ሌላ ምስክር አላስፈለገውም፤ ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራዋል አለ። ሽማግሌዎቹ እስከ ትንሣኤ ጊዜ ሰጡ፤ ወይ ይምላሉ፣ ወይ ዘይቱ የት እንደገባ ያሳያሉ፣ አለዚያ ቁልፉን አስረክበው ይሄዳሉ። ሌባ ተብሎ የወጣ ሹፌርን ደግሞ ከጎጃም በር እስከ ጅማ መንገድ የሚቀጥር አልነበረም። ኦቦ ቱሉ ዳለቻን ይዘው ጋራዤ መጡና ከመኪናው ሳይወርዱ፣ «በላይ፣ ይቺ ልጅ ዘይቷን የት እንደምታደርገው ንገረኝ» አሉኝ። እኔም የወጣት ምክር መከርኳቸው። እውነትዎን ከሆነ ምለው ይገላገሉ አልኳቸው። መሪውን እንደያዙ ዞረው አዩኝ።

«እውነቴን ስለሆነ ነው የማልምለው» አሉ።

አልገባኝም፤ ሥራዬን ጀመርኩ። የዳለቻ ማኒኮቶዎች ዘይትና አቧራ ተጋግሮባቸው ነበር። እንዲህ ሲሆን ዘይቱ ከየት እንደጀመረ አይታወቅም፤ ነፋሱ ሁሉንም ያዳርሰዋል። ስለዚህ ሁሉንም በቤንዚን አጠብኩ፣ በጨርቅ አደረቅኩ፣ ከዚያ ዱቄት ነሰነስኩባቸው። ይህ የቆየ ዘዴ ነው። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ዘይት መጀመሪያ ብቅ ያለበት ቦታ ብቻ ይጠቁራል። ዱቄቱን የሰጡኝ ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ ለመንገድ ከያዙት በሶ ዘገኑልኝ። ሐጂ ኑሪ ከሱቃቸው ደጅ ሆነው ያዩ ነበርና፣ «በላይ፣ ጾም አይደለም እንዴ፣ ሰው ሳይበላ መኪና በሶ ታበላለህ?» ብለው አሾፉብኝ። ኦቦ ቱሉ በዚያ ሰሞን ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እንጦጦን አብረን ወጣን። ጫፍ ላይ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ እሳቸው እንዳሉት ሰማያዊ ጭስ ባሕር ዛፉ መሃል ተንጠልጥሏል። ኮፈኑን ስንከፍት ከቱርቦው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ማኒኮቶ ታችኛው ጫፍ፣ ማሰሪያው ሥር፣ በሶው ቡኮ ሆኖ ጠቁሯል። ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው። ማሰሪያውን ፈትቼ ማኒኮቶውን ሳወጣ ከውስጡ ዘይት ተንዠቀዠቀ። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ቧንቧ ውስጥ ትንሽ እርጥበት ቢገኝ አያስደነግጥም፤ የማያልበው ቱርቦ የለም። ጣት አስገብታችሁ ጣታችሁ ብቻ ወዝ ካለው ዝጉትና ሂዱ። የዳለቻ ግን ላብ አልነበረም፤ ተኝቶ የቆየ ዘይት ነው። ጎማው ራሱ ዘይት ጠጥቶ ወጥ ውስጥ እንደቆየ እንጀራ ልፍስፍስ ብሏል። ዘይቱን የምትጠጣው ራሷ ዳለቻ ነበረች። ክፋቱ ደግሞ ናፍጣ ሞተር ከዚህ መንገድ ዘይት ከበዛለት ዘይቱን እንደ ነዳጅ እያቃጠለ ቁልፍ ቢዘጉበትም አልቆም ይላል። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ እንዲህ ቢሆን ምን እንደሚመጣ አስቡት።

ኦቦ ቱሉ በዚህ ነጻ የወጡ መስሎኝ ነበር። አቶ ተክሌ ግን የበሰበሰውን ማኒኮቶ አገላብጠው አዩና፣ ታዲያ ቱርቦውን ማን ሰበረው አሉ። ሹፌሩ በንዝህላልነት የሰበረው ነገር ነው፣ ሌብነቱንም በእሱ ያሳብባል ሆነ ነገሩ። የተጠረጠረ ሰው ከአንዱ ጉድጓድ ሲወጣ ሌላ ይቆፈርለታል። ቱርቦውን ፈታሁት። ተበልቷል ብዬ የጠበቅኩት ዘንግ በጣቴ ስነካው እንደ አዲስ ነው፤ ወዲያና ወዲህ አይልም፣ ክንፎቹ አልተነካኩም። መልሼ ገጠምኩት፣ ከሐጂ ኑሪ ሱቅ አዲስ ማኒኮቶ አሰርኩ፣ በሶ ነሰነስን፣ ዳገት ወጣን። እዚያው ቦታ ጠቆረ። ሰሙነ ሕማማት ገብቷል። ኦቦ ቱሉ ከኮፈኑ ጎን ቆመው እጄን ያያሉ። አንድ ሰው ስሙን በአንተ እጅ ላይ አስቀምጦ ዝም ሲል ከባድ ነው፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓርብ ስቅለት ዋዜማ አቶ ተክሌ ከአንድ ሽማግሌ ጋር መኪናቸውን ሊወስዱ ሰበታ መጡ። እኔ ሞተሩን አስነስቼ ዘይቱን ልጨምር የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ ሳደርገው ክዳኑ ከእጄ ዘለለ። ከውስጥ የታመቀ ትንፋሽ ፊቴን መታኝ፤ ባርኔጣዬ ወደቀ። ጤነኛ ሞተር እዚያ ጋ እፍ ይላል እንጂ እንዲህ አይገፋም። ሞተር እንደ ሰው ነው፣ ውስጡ የሚጠራቀመውን ትንፋሽ የሚያወጣበት አንድ ቧንቧ አለው፤ ከጎኑ ወርዶ ወደ መሬት ያፈጠጠ፣ አልፎ አልፎም ዘይት ጠብ የሚያደርግ። ያ ከተዘጋ ትንፋሹ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ከቱርቦው ወደ ታች መመለስ ያለበትን ዘይት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ዘይቱም በማኒኮቶው በኩል ያመልጣል። ቱርቦው ጤነኛ፣ ማኒኮቶው አዲስ፣ ዘይቱ ግን መፍሰሱን የማይተውበት ምክንያት ይኸው ነበር። ዳለቻ ታፍና ነበር።

ሞተሩን አጥፍቼ ሥሯ ገባሁ። የመተንፈሻው ጫፍ በጭቃ ተለስኗል። ጭቃውን ስፍቅ ከቧንቧው አፍ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ አገኘሁ። ጨርቁ የጋቢ ጫፍ ነው፤ ዘይት ያልነካው ጥግ አሁንም ነጭ ነበር። ይዤው ወጣሁ። ኦቦ ቱሉ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አያውቁትም። አቶ ተክሌ ግን እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ለበሱት ጋቢ ጫፍ ሄደ። በዚያ በኩል ጋቢው የተቀደደ ነበር።

ማንም አልጠየቃቸውም፤ ራሳቸው ተናገሩ። ቆርቆሮው የገባ ዕለት ዳለቻ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቆማ ዘይት ጠብ ስታደርግ አዩ። የእግዚአብሔርን ቅጥር አሳደፍኩ ብለው ደነገጡ። ሰው ሳያያቸው ሥሯ ገብተው የሚያንጠባጥበውን ቀዳዳ ፈለጉ፣ ከለበሱት ቀደው፣ እንጨት ጠርበው ወተፉት። ደግሞም ሠራ፤ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጠብታ አልወደቀም። ሕመሟን የፈወሱ መስሏቸው ነበር። ቀጥለው ዘይቱ መሬት ላይ እንደማይፈስ በዓይናቸው አረጋገጡ፣ ሹፌራቸውንም ሌባ አሉ።

አቶ ተክሌ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ። የትንሣኤ ማግስት ሱሉልታ ድረስ ሄዱ። የኦቦ ቱሉ ደጅ ሲደርሱ እንደ አገራቸው ልማድ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ሽማግሌዎች ከኋላቸው፣ እኔም ከሽማግሌዎቹ ኋላ። ኦቦ ቱሉ ሲያዩ ሮጠው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። ይቅር ለእግዜር ተባባሉ። ምግብ ቀረበ። አቶ ተክሌ ግን ጉርሻቸውን ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«ቱሉ፣ አንድ ቀን ብትምልልኝ ምን ነበረበት? ያኔውኑ አምንህ ነበር» አሉ።

ኦቦ ቱሉ ትሪውን ወደ እሳቸው አስጠጉ። «ጌታዬ፣ አንቱ የሚያምኑት መሐላውን ነበር» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት አብረን በልተን፣ ቃሌ ካልበቃዎ፣ ምዬ የሚያምኑኝ ሰውዬ እኔ አይደለሁም።»

ይቅርታው እውነተኛ ነበር፤ የዳለቻን ቁልፍ ግን ኦቦ ቱሉ እዚያው ትሪው አጠገብ አስቀመጡት። ቂም አይደለም አሉ፣ መሪውን ሌላ ሰው ይያዘው። ከዚያ በኋላ ከጫንጮ ሱሉልታ ለሌላ ሰው ሲነዱ ኖሩ። ዳለቻ መተንፈሻዋ ተከፍቶ እንደ ልማዷ ጠብ ጠብ እያደረገች ሌሎች ሹፌሮች ጋ ቆየች። አቶ ተክሌም ጋራዤ ሲመጡ ሁሌ ስለ ቱሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ ደህና ነው ስላቸው ደስም አይላቸው፣ አይከፋቸውም፣ ብቻ ይሰማሉ።

ቅዳሜ ዕለት ሱሉልታ ስደርስ አስከሬኑ ሊወጣ ነበር። ቃሬዛውን ከተሸከሙት መካከል ሁለቱ የአቶ ተክሌ ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል። ኦቦ ቱሉ ናቸው ያሳደጓቸው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ የአቶ ተክሌ ሴት ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ጋሼ በላይ፣ አባታችን ሲሞት እርስዎ ውስጥ ነበሩ። እኛን ልጆቹን ውጭ አስወጥተውን ነበር። ለአባባ ቱሉ አደራ ሲሰጠን ምን አለ?» አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ማንም አልነገራት ኖሯል።

ነገርኳት። ዘመኑ ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው ነው። እናታቸው ቀድማ ሞታ፣ ዘመድ ሁሉ ሩቅ አገር ሆኖ፣ አቶ ተክሌ ቡራዩ አልጋ ላይ ወድቀው ነበር። ቱሉን ጥሩልኝ አሉ፤ እኔ ሄጄ ከሱሉልታ አመጣኋቸው። ልጆቹም ቤቱም በእሳቸው አደራ ይሁን ብለው ተናዘዙ። ኦቦ ቱሉ ከአልጋው አጠገብ ቆመው እሺ አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በወጉ መሠረት አደራ ተቀባይ መማል አለበትና፣ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥተው ወደ ኦቦ ቱሉ ዘረጉ። አቶ ተክሌ ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከሩ፤ አቅም አልነበራቸውም፤ እጃቸውን ብቻ አነሱ።

«እሳቸው አይምሉም» አሉ።

ሽማግሌው መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ መለሱት።